የባለ አውሮፕላኑ ዋስ

ሽማግሌዎቹ በአገሬ በአምበር ከቤታችን ደጅ በቆሙ ጊዜ እናቴ መጀመሪያ ያየችው ጫማቸውን ነው። ሁለቱ የተወለወለ ጥቁር የቆዳ ጫማ አድርገዋል። ሦስተኛው፣ ከሁሉም በዕድሜ የሚበልጡት፣ ያደረጉት የላስቲክ ጫማ ነው። ሦስቱም ነጭ ጋቢ ደርበው፣ ከዘራቸውን ተመርኩዘው፣ ግቡ ሲባሉ አንገባም ብለው ቆመዋል። በእኛ አገር እንዲህ የሚቆም ሽማግሌ ምን ፈልጎ እንደሚመጣ ልጅ አዋቂው ያውቃል። እናቴ እየሮጠች ወደ ጓሮ መጣችና ክንዴን ጨምድዳ ያዘችኝ።

"በይ ይህን ሱሪ አውልቂና ልብስ ልበሽ። ለአንች ነው የመጡት።"

እኔ ከአባቴ ጋር የጤፍ ጭድ እየከመርሁ ነበር። ፀጉሬ ውስጥ ጭድ ገብቷል፣ አፍንጫዬ በአቧራ ተደፍኗል። "ለእኔ ደግሞ ማን ይመጣል?" ብዬ ጮኽሁባት። ቁጣዬ አፍንጫዬ ላይ እንደሆነ ቤተሰቡ ሁሉ ያውቃል። እናቴ ግን አልሰማችኝም፤ ሠላሳ ዓመት ካለፈኝ ወዲህ ይህን ቀን ስትጠብቅ ስለኖረች ፊቷ በርቶ ነበር።

ለምን አምበር ጭድ እንደምከምር ላስረዳ። ሥራዬ አውሮፕላን ማብረር ነው። የአንድ ሰው ንብረት በሆነ የግል ድርጅት ውስጥ ትንንሽ አውሮፕላኖች እናበራለን፤ ታማሚ፣ የእርዳታ ሠራተኛ፣ አገር ጎብኚ፣ አልፎ አልፎም ሙሽሪቱን ይዞ መብረር የሚያምረው ሀብታም እንጭናለን። ብዙ ጊዜ የምናርፈው ጠጠር ሜዳ ላይ ነው፤ ከብቶቹ ከሜዳው እስኪባረሩ ድረስ በላያቸው እየዞርን እንጠብቃለን። አገሬ ስገባ ሰው ሁሉ ስለ ደመና ይጠይቀኛል። ስለ ደሞዜ የሚጠይቀኝ የለም፤ አብራሪ ገንዘብ በጆንያ የሚሸከም ይመስለዋል።

ደሞዛችን ግን ሁለት ወገን አለው። አንዱ በየወሩ የሚገባው ነው፤ ለቤት ኪራይ እንኳ አይደርስም። ሁለተኛው አየር ላይ በቆየንበት ሰዓት ልክ የሚታሰበው የበረራ አበል ነው፤ የምንኖረው በእሱ ነው። ባለቤቱ ይህን አበል መጀመሪያ አዘገየው፣ ቀጥሎ ቆራረጠው፣ በመጨረሻም "ዶላሩ እስኪስተካከል" ብሎ ጭራሹን አስቀረው። ዶላር መቼ ተስተካክሎ ያውቃል? እኛ ግን መብረራችንን ቀጠልን፤ ነዳጅ ሲጨመርበት የነበረው አውሮፕላኑ ብቻ ነው። ጠየቅን፣ ጻፍን፣ ቀጠሮ ያዝን፤ ባለቤቱ ከቀጠሮው ቀረ። በመጨረሻ ሁላችንም አንድ ላይ ሆነን አበላችን ካልተከፈለ አንበርም አልን። ባልደረቦቼ እኔን ወኪላቸው አድርገው መረጡኝ። ስትቆጪ ፊት አይተሽ አታውቂም ስላሉ ነው፤ አልተሳሳቱም። አውሮፕላኖቹ ቆሙ፣ እኔም ነገሩ እስኪለይ ብዬ ወላጆቼ ዘንድ መጣሁ።

ወላጆቼ ነገሩ አልገባቸውም። እናቴ "እንጀራሽን በእግርሽ ትገፊያለሽ?" እያለች ታለቅሳለች። አባቴ አያለቅስም፤ ይጠይቃል። ያን ዕለት ጠዋትም ጭዱን እያቀበለኝ "ዝናብ ቀረብኝ ብሎ ማረስ ያቆመ ገበሬ አይተሽ ታውቂያለሽ?" ብሎኝ ነበር።

"ገበሬ ለራሱ ነው የሚያርሰው አባባ። ዝናቡን ደግሞ በእጁ ይዞ የከለከለው ሰው የለም።"

"የእናንተን የያዘባችሁ አለ?"

"አለ እንጅ! ስሙንም፣ ቤቱንም፣ መኪናውንም አውቀዋለሁ!"

ይህን እየተባባልን ሳለ ነው ሽማግሌዎቹ የመጡት።

አባቴ እጁን በሱሪው ጠራርጎ ወደ ደጅ ወጣ። ባለ ላስቲክ ጫማውን ሽማግሌ ሲያይ ግን ደርቆ ቀረ። የኔታ ነበሩ። አባቴ ሞፈር ከመጨበጡ በፊት ቁይ ከተማ አጠገብ ካለች አንዲት ደብር ዜማ የተማረው ከእሳቸው እግር ሥር ነው፤ ዛሬም ድረስ ስማቸውን ሲያነሣ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። ጎንበስ ብሎ ጉልበታቸውን ሳመ። "ይግቡ የኔታ፣ ምነው ደጅ ቆሙ?" አለ።

"አንገባም ልጄ። የመጣንበት ካልተፈጸመልን አንቀመጥም።"

ወጉን አባቴ ከማንም በላይ ያውቀዋል። በእኛ ደብር የተጣላ ሁሉ የሚታረቀው እሱ ፊት ነው። ሽማግሌ ሲላክ "ዘመድ ላማክር፣ ሌላ ቀን ተመለሱ" ተብሎ ይሸኛል፤ መጀመሪያ ቀን እሽ የሚባል ነገር የለም። ግን መምህሩ ፀሐይ ላይ ቆመውበታል፤ ወደ እኔ ቢዞር ደግሞ ፀጉሯ ጭድ የተሞላ፣ ሥራ ያቆመች፣ ያላገባች ልጁን አየ።

"የኔታ ቆመው እኔ እንቢ አልልም" አለ። "ፈቅጃለሁ። ይግቡ።"

እናቴ እልልታዋን አቀለጠችው። ሽማግሌዎቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ። ያን ጊዜ ግራ መጋባታቸውን ብናስተውል ኖሮ ነገሩ እዚያው ላይ ይቆም ነበር። እኔ ግን በንዴት ጆሮዬ ይጮኽ ስለነበር ማንንም አላስተዋልሁም። ለማን እንደተሰጠሁ እንኳ ሳላውቅ ተሰጥቻለሁ! እናቴ ጠላውን እያንቆረቆረች ከጎረቤት ጋር በግድግዳ ትጣራለች፣ እኔ ከምሰሶው ሥር ቆሜ ጥርሴን እነክሳለሁ።

ከተቀመጡ በኋላ አንደኛው ባለ ቆዳ ጫማ፣ ደብረ ማርቆስ የትምህርት ቤት ርእሰ መምህር የነበሩ ጡረተኛ፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

"እንግዲህ ቃልዎን ሰምተናል፤ እግዜር ያክብርልን" አሉ። "ልጃችን ከነገ ጀምራ ወደ ሥራዋ ትመለስልን።"

እናቴ ጠላ የያዘ ጣሳዋን እንደዘረጋች ቀረች። አባቴ "ሥራ?" አለ፤ ቃሉን መጀመሪያ ጊዜ የሰማው ይመስል ነበር።

"የአውሮፕላኑን ሥራ ነዋ። ባለቤቱ ነው የላከን። የቁይ ልጅ አይደለም እንዴ? እሷ ከተመለሰች ሌሎቹም ይመለሳሉ፣ ወኪላቸው እሷ ነች ብሎናል።"

ክው አልሁ። ጭንቅላቴን በዱላ ቢሉኝ እንዲያ አልደነግጥም ነበር። ደብዳቤያችንን ያላነበበ፣ ቢሮው በር ላይ ቆመን አላየሁም ያለን ሰው ሌሎቹን አብራሪዎች ትቶ እኔን መርጧል። እነሱ የከተማ ልጆች ናቸው፤ ሽማግሌ ቢልክባቸው በአጥር ቀዳዳ አይተው ይዘጉበታል። እኔ ግን አባት አለኝ፣ አባቴም የኔታ አሏቸው። ይህን ሁሉ አስልቶ፣ ሽማግሌዎቹን በገዛ መኪናው ጭኖ ሰደደልን። መኪናው ከመንገዱ ማዶ ቆሞ ይታየኝ ነበር።

"ይህ ሽምግልና አይደለም! ማታለል ነው!" ብዬ ጮኽሁ።

"ዝም በይ!" አለ አባቴ። ፊቱን ግን አየሁት፤ ደሙ ሁሉ ሸሽቶት ነበር። ምን እንዳደረገ ገብቶታል። እኔ እሽ ብዬ ብመለስ ባልደረቦቼን ሸጥሁ ማለት ነው። እንቢ ብል ደግሞ ሰው ሲያስታርቅ የኖረ አባቴ በመምህሩ ፊት የሰጠውን ቃል አጠፈ፤ ከእንግዲህ ደብሩ ውስጥ ማን ይሰማዋል?

አባቴ ቀና አለ። "ቃሌን አላጥፍም" አለ። "ግን እናንተም ጨርሱት እንጅ። ልጄ ስትቀጠር ለሥልጠናዋ ዋስ አምጭ ተብላ ይህችን የተቀመጣችሁባትን ቤት አስይዤላታለሁ። የእሱስ ዋስ ማን ነው?"

ሁለተኛው ባለ ቆዳ ጫማ፣ ነጋዴው፣ ሳቅ አለ። "እሱ እኮ ባለ አውሮፕላን ነው! ዋስ የሚጠራው ድኻ ነው እንጅ።"

"ሁለት ሰው ሲታረቅ ዋሱም ሁለት ነው። እናንተ ትሆኑታላችሁ?"

ነጋዴው ስልኩን አውጥቶ ማየት ጀመረ። ርእሰ መምህሩ አሳላቸው። ያን ጊዜ ገባኝ፤ ሁለቱም ሰውዬውን በደንብ ያውቁታል። ንዴቴ ጨመረ፤ ልናገር አፌን ስከፍት የኔታ ቀደሙኝ።

"እኔ ዋሱ ነኝ" አሉ።

"የኔታ፣ ይቆዩ..." አለ አባቴ።

"ምን እቆያለሁ? ደብራችንን ቆርቆሮ ያለበሰልን እሱ ነው። ቆርቆሮው የተመረቀ ዕለት ከጎጆዬ ገብቶ፣ ከእኔ ጋር መደብ ላይ ተቀምጦ፣ የቡሬዋን እርጎ ጠጥቶልኛል። የእግዜርን ቤት ያለበሰ ሰው የልጆችን ላብ አይበላም። ዐቢይ ጾም ሳይገባ ይከፍላል። ባይከፍል በእኔ።"

ቡሬዋ ላማቸው ናት። ያለቻቸው እሷ ብቻ እንደሆነች አባቴ በኋላ ነገረኝ።

ሽማግሌዎቹ ከሄዱ በኋላ ከግቢው ጥግ፣ ኔትወርክ ከሚገኝበት፣ ቆሜ ለዋናው ካፒቴናችን ደወልሁ። የአዲስ አበባ ልጅ ነው፤ ከሁላችንም በላይ የበረረ፣ ከሁላችንም በላይ አበል የተያዘበት። የሆነውን ሁሉ ነገርሁት።

"ዋስ ማለት? ፊርማ አለው?"

"የለውም።"

"ንብረትስ?"

"አንዲት ላም አለቻቸው።"

እንደዚያ ሲስቅ ሰምቼው አላውቅም። "ላም! የአውሮፕላን ድርጅት ዋስ ላም!" እያለ ለሌሎቹ ሲነግራቸው ይሰማኝ ነበር፤ እነሱም ሳቁ። ተሰድቤ እንደሆነ እንጃ፣ ብቻ ዓይኔ እንባ ሞላ። ሲበቃው ድምፁን ዝቅ አድርጎ "እውነቱን ንገሪኝ፤ አንቺ ታምኛቸዋለሽ?" አለኝ። አምናቸዋለሁ አልሁት። የልጁ የትምህርት ቤት ክፍያ ደርሶበት ነበር፤ ሌሎቹም ቢሆኑ የቤት ኪራይ አልፏቸዋል። "እሺ፤ በአንቺ ቃል ሥራ እንገባለን" አለኝ።

ወደ ሥራ ተመለስን። ያን ሰሞን ብዙ በረርን። ወደ ሰሜን ስበር ዐባይ በረሃን በጥቂት ደቂቃ ተሻግሬ ደጀን ላይ እደርሳለሁ፤ በአውቶቡስ ሆዴን ይዤ የምወጣው ዳገት ከላይ ሲያዩት እዚህ ግባ አይባልም። ሰማዩ ጥርት ባለ ቀን የአምበር ማሳዎችም ይታዩኛል። በዚያ ባለፍሁ ቁጥር ቀኑን አስባለሁ። ጥምቀት አለፈ። ቅበላ ሆነ፣ ሰው ሥጋውን በላ። ጾሙ ገባ።

ምንም አልተከፈለም። በምትኩ እንድንፈርምበት አዲስ ውል መጣልን፤ አበል የሚባል ቃል ከነጭራሹ ከውስጡ ጠፍቷል። እንደዚያ እንደ ለበስሁት፣ ከነዩኒፎርሜ፣ የባለቤቱን በር ሳላንኳኳ ገባሁ።

"ዋስዎን ምን ልበላቸው?" አልሁት።

"የምን ዋስ?"

"የኔታን ነዋ!"

ሳቀ። ሲስቅ ደስ የሚል ሰው ነው፤ ይህ ደግሞ የበለጠ ያናድዳል። "አንቺ ልጅ፣ ሽማግሌ እኮ ለማስታረቅ ነው የሚላከው፣ ለሒሳብ ነው እንዴ? የኔታ አባቴ ናቸው፤ ገንዘብ ግን ምን ያውቃሉ?" አለኝ። ደግሞም ወንበር እንድስብ በእጁ አመለከተኝ። አልተቀመጥሁም። ያለ እፍረት እንዲህ የሚናገር ሰው አጋጥሞኝ አያውቅም። ያልፈረምሁበትን ውል ጠረጴዛው ላይ ጥዬለት ወጣሁ።

ማታ አባቴ ደውሎ "ከፈለ?" አለኝ። አልከፈለም አልሁት። "እሽ" ብቻ ብሎ ዘጋው። እሽ ያለው ለእኔ መስሎኝ ነበር።

ከጥቂት ቀናት በኋላ ታማሚ አድርሼ ተመልሼ ከአውሮፕላኑ ስወርድ የግቢው ጥበቃ ወደ እኔ መጣ። "እንግዳ አለሽ፤ አንድ ትልቅ ሰው ከጠዋት ጀምሮ ቆመዋል። ወንበር ብሰጣቸው አልቀመጥም አሉ" አለኝ። ወደ በሩ ዞር ብል ነጭ ጋቢ፣ ከዘራና የላስቲክ ጫማ አየሁ። መጀመሪያ የመጣልኝ አባቴ ሞተ የሚል ነው።

"አባትሽ ደኅና ነው" አሉኝ የኔታ ገና ሳልደርስ። "ጓደኞችሽን ጥሪልኝ።"

አብራሪዎቹ የምናርፍበት ክፍል ወሰድኋቸው። ከዐባይ ማዶ ተነሥተው በአውቶቡስ ብቻቸውን ነው የመጡት፤ የገቡት ትናንት ማታ ነው፤ ያደሩት አንድ ቤተ ክርስቲያን ደጀ ሰላም ነው። ውኃ ሰጠናቸው፤ የጾም መፍቻ ሰዓት አልደረሰም ብለው አልጠጡም። ባልደረቦቼ አንድ አንድ እያሉ ገቡ። ምን እንደሆነ የገባው የለም፤ ካፒቴኑ ለመባረክ የመጡ መስሎት ባርኔጣውን አወለቀ።

የኔታ ቆመው ሁላችንንም ተራ በተራ አዩን። ከዚያ ከብብታቸው የተቋጠረ መሐረብ አውጥተው የአየር ጠባይ ወረቀት ከተበተነበት ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡት።

"ልጆቼ፣ ሥራ የገባችሁት በእኔ አንገት ነው" አሉ። "ሰውየው አልከፈለም። እኔም ዋስ ነኝና ከፍያለሁ። ይህ የላሚቱ ነው። እንደማይሞላ አውቃለሁ፤ የቀረውን እስከ መኸር ታገሱኝ። አሁን ስንት እንደቀረብኝ ንገሩኝ።"

ስንት እንደቀረብዎ? ምን እንበላቸው? የተያዘብንን ለመክፈል የደብራቸው ላም ሁሉ ቢሸጥ አይበቃም። እኒህን አባት የበላውን፣ ልኮ ዋስ ያደረጋቸውን ባለቤት፣ በዚያች ደቂቃ ባገኘው ምን እንደማደርገው አላውቅም።

"ሞልቷል የኔታ" አልሁ።

ቀና ብለው አዩኝ። "አንችን አላምንም" አሉኝ ፈገግ ብለው። "የተማሪዬ ልጅ ነሽ፣ ታዝኝልኛለሽ። ሌሎቹ ይንገሩኝ።" ወደ ካፒቴኑ ዞሩ። "አንተስ ልጄ፣ ደርሶሃል?"

ላም ሲባል የሳቀው እሱ ነው። ዓይኑን ከመሐረቡ ላይ ማንሣት አልቻለም። የሚለው ነገር ምን እንደሚያስከፍለው ያውቃል፤ ገንዘቡን ደርሶኛል ካለ በኋላ ነገ ተመልሶ አልደረሰኝም ሊል አይችልም። የኔታ አላጣደፉትም፤ ከዘራቸውን ይዘው ጠበቁት።

"ደርሶኛል አባ" አለ በመጨረሻ።

የኔታ ወደሚቀጥለው ዞሩ። "አንተስ?" "ደርሶኛል።" "አንችስ?" "ደርሶኛል አባ።" አንድ ረዳት አብራሪ፣ ከተቀጠረ ጀምሮ አበል ምን እንደሚመስል አይቶ የማያውቅ፣ አልልም ብሎ በሩን በርግዶ ወጣ። የኔታ ቆመው ጠበቁት። ኮሪደሩ ውስጥ ወዲያ ወዲህ ሲል የጫማው ድምፅ ይሰማን ነበር። ተመልሶ ገባና ወለሉን እያየ "ደርሶኛል" አለ።

ያን ጊዜ ነው የኔታ ወንበር ስበው የተቀመጡት። በረጅሙ ተነፈሱ። "ተመስገን፤ ቀለለኝ" አሉ። "ዕድሜዬን ታውቁታላችሁ፤ ይህን ተሸክሜ ብሞት ምን እመልስ ነበር?"

ወደ መናኸሪያ የሸኘኋቸው እኔ ነኝ። ታክሲው ውስጥ ደስ ብሏቸው፣ ሸክም እንዳራገፈ ሰው፣ የቱ አውሮፕላን የእኔ እንደሆነ፣ ከላይ ሲታይ የደብራቸው ቆርቆሮ ያበራ እንደሆነ ይጠይቁኛል። ያበራል አልኋቸው። እውነቴን ነው፣ ያበራል።

"የኔታ፣ ላሟን ለምን ሸጡ?" ስላቸው ሳቁብኝ።

"ጾም ገብቷል እኮ፤ አሁን ወተት ምን ያደርግልኛል?"

አለቀስሁ። ሰው ሲያየኝ ማልቀስ የምጠላ ሰው ነኝ፤ ያን ዕለት ግን ሾፌሩ በመስታወት እያየኝ ተንሰቀሰቅሁ። ማታ ለአባቴ ደውዬ ለምን ነገርሃቸው ብዬ ጮኽሁበት። "ሳይነገረው የሚቀር ዋስ ምን ዋስ ነው?" አለኝ።

አንድ ነገር ላስረዳ። እኛ ሥራ ላይ ከመብረራችን በፊት እያንዳንዳችን መተኛታችንን፣ አለመታመማችንን፣ ልባችንም የተረጋጋ መሆኑን ለበረራ ክፍሉ ማረጋገጥ አለብን። የታወከ ሰው አይበርም። ማንም አያስገድደውም፤ ሰው ተሸክሞ ነው የሚነሣው። በማግስቱ ጠዋት ካፒቴኑ ዩኒፎርሙን ለብሶ በሰዓቱ መጣ። የማረጋገጫው ቅጽ ፊት ለፊት ተቀምጦ ቆየና ተነሣ። "ዛሬ አልችልም" አለ። ቀጥላ የመጣችው ልጅም አልችልም አለች። ኮሪደር ውስጥ ሲንጎራደድ የነበረውም እንዲሁ። እኔም ልቤ ተረጋግቷል ከሚለው መስመር ላይ ስደርስ ብዕሩን አስቀመጥሁ። ቀደም ብለን ተማክረን ቢሆን ኖሮ እናገር ነበር፤ የመጀመሪያውን አድማ ያልደበቅሁ ሰው ይህን የምደብቅበት ምክንያት የለኝም። አልተማከርንም። ማንም ምንም አልጠየቀም። ብቻ መብረር የሚችል ሰው ጠፋ፣ አውሮፕላኖቹም ቆሙ፤ የውጭ አገር እንግዶች ሻንጣቸውን ይዘው አዳራሹ ውስጥ ተቀምጠው ቀሩ።

ረፋዱ ላይ ባለቤቱ ደወለልኝ። ሰላምታ የለም።

"ስንት ነው የምትፈልጉት?"

"ምንም።"

"አትቀልጂብኝ! እንግዶቹ ሊሄዱብኝ ነው። ያለፈውን ሁሉ ዛሬውኑ አስገባለሁ። አዲሱን ውልም ቅደዱት። በቃ?"

ይህን ለመስማት ስንት ወር ደጅ ጠንተናል! በዚያች ደቂቃ እሺ ብል ለሁላችንም ይገባልን ነበር። የካፒቴኑ ልጅ ክፍያ፣ የሁሉም የቤት ኪራይ። ካፒቴኑ ፊት ለፊቴ ቆሞ ነበር፤ ስልኩ ውስጥ ያለውን ድምፅ ይሰማል። አየሁት። ራሱን ነቀነቀ፤ አይሆንም አለኝ።

"እኛ ከእርስዎ የምንጠይቀው ነገር የለም" አልሁ። "ደርሶናል።"

"ምኑ ነው የደረሳችሁ? ማን ሰጣችሁ?"

"ዋስዎ።"

ከኋላው አንድ ሰው ስሙን ይጠራል፤ አልመለሰም። እንደገና ሲናገር ያ የቢሮው፣ ያ ሳቅ የሚቀድመው ድምፁ ጠፍቶ፣ በሕፃንነቱ ቁይ ገበያ ይናገርበት የነበረ በሚመስለኝ ድምፅ ነው የጠየቀኝ።

"ምን አላቸውና?"

"ላማቸውን ሸጠው።"

"ቡሬዋን?"

"አዎ፤ ቡሬዋን።"

ስልኩን አልዘጋውም። "ታዲያ አሁን እኔ ዕዳዬ ከማን ጋር ነው?" አለ። ይህን የሚጠይቅ የእኛ አገር ሰው ብቻ ነው፤ መልሱንም ያውቀዋል።

"ከየኔታ ጋር" አልሁትና ስልኩን ዘጋሁ።